ኮዱ የሚመጣው በማን ስልክ ነው?

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ወንበሬ ዛሬም ተሰበረ። ባለፈው ሳምንት እግሩ ነበር፣ አሁን ጀርባው ተንጋለለ። ንብረት ክፍል ሄድኩ። «በሲስተሙ ጥያቄ አስገቢ» አሉኝ። የሲስተሙ ፓስወርድ የለኝም። «ለፓስወርዱም በሲስተሙ ጥያቄ አስገቢ» አሉኝ... ቆሜ ሳቅሁ። ንዴት ሲበዛ ያስቃል መሰለኝ።

አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። ክሊኒኩ ታካሚዎች የምርመራ ውጤታቸውን በስልካቸው የሚያዩበት ድረ ገጽ አለው፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ሰው ፓስወርዱን ሲረሳ ግን ምድር ቤት ላለው መዝገብ ክፍል ይደውላል። መዝጋቢዋ የካርድ ቁጥሩን ትጠይቅና «በቃ፣ የተወለዱበትን ዓመት አድርጌልዎታለሁ» ትላለች። ለሁሉም! የጎረቤቱን ዕድሜ የማያውቅ ሰው የት አለ? አሁን «ፓስወርዴን ረሳሁ» የሚል ቁልፍ ልሠራ ነው። ሰውዬው ይጫነዋል፣ ኮድ በስልኩ ይላክለታል፣ ኮዱን ያስገባል፣ ራሱ አዲስ ፓስወርድ ያወጣል። መዝጋቢዋም ጆሮዋ ያርፋል።

አለቃዬ «ሁለት ቀን ይበቃሻል» አለ። አለቃዬን ሁላችንም «ነገ እናያለን» ነው የምንለው፣ ፊት ለፊት ባይሆንም። ለእሱ ሥራ ነገ፣ ለእኔ ሥራ ሁለት ቀን።

ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። «እህቴ፣ የኢሜይሌ ፓስወርድ ምን ነበር?» የገዛ ኢሜይሉን! ኮምፒውተር የተማርኩት ለቤተሰቡ በር ጠባቂ ልሆን ነው እንዴ? የእሱ፣ የአክስቴ፣ የእማዬ፣ የአጎቴ የጡረታው... ሁሉም እዚሁ ማስታወሻ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል። አሥራ አንድ ፓስወርድ። ሁሉም ላይ የተመዘገበው ስልክ የእኔ። እነሱ ይረሳሉ፣ ኮዱ ለእኔ ይመጣል፣ አነብላቸዋለሁ። እማዬ ለጎረቤት «ልጄ ባትኖር ሁላችንም በር ላይ ነበርን» ትላለች። እናደዳለሁ እላለሁ እንጂ ደስ ይለኛል። እዚህ ምን ያስዋሸኛል?

እማዬ የመጋረጃዋን ዘንግ እንድሰቅልላት ከለመነችኝ ወር አለፈ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ከነገ እናያለን ጋር ተጣላን።

ያልኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኮዱ አሥር ደቂቃ ብቻ ይሥራ፣ አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ አይሥራ። እሱ «ሙሉ ቀን ይሥራ» ይላል። «ሰው ኮዱን ተቀብሎ ሻዩን ይጠጣል፣ ልብሱን ያጥባል። ምን አስቸኮለሽ?» አንድ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ ቀን ሲውል ስንት እጅ ያነሳዋል?

ሁለተኛ፣ ድረ ገጹ ለማንም ቢሆን «እኛ ዘንድ አልተመዘገቡም» አይበል። አንዱን እንዲህ ካለው፣ ያላለው ሰው ተመዝግቧል ማለት ነዋ! የጎረቤቴን ቁጥር አስገብቼ ክሊኒክ መመላለስ አለመመላለሱን አወቅሁ ማለት ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይስጥ፤ «ከተመዘገቡ ኮድ ይደርስዎታል»፣ አለቀ። ይህንን ለማስረዳት አርባ ደቂቃ!

«ቁጭ ብሎ እንዲህ የሚያስብ ማን ነው?»

«ክፉ ሰው።»

«ክፉ ሰው የሌላ ሰው የደም ምርመራ ምን ያደርግለታል?»

ደሜ ፈላ። የሰው ምስጢር ነው፣ እኛ እጅ ያለ አደራ ነው፣ አንተ ብትሆን... ብቻ ብዙ ተናገርኩ። ድምፄ ደረጃው ድረስ ተሰማ አሉ። ይሰማ። በመጨረሻ «እሺ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ» አለ። በሽንኩርት ዋጋ የምንከራከር ይመስል።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ሁለቱ ቀን ዛሬ አራተኛ ቀኑን ያዘ።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ቢሮ ዋልኩ። እማዬ ጋ ደውዬ «ዘንጉ ለሚቀጥለው» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ጆሮዬን ከስልኩ አራቅሁ። አልተቆጣችም። «ግድ የለም፣ ሥራሽን ሥሪ» አለች። እማዬ ግድ የለም አለች?

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ተለቀቀ። እስከ ማታ ሠላሳ አንድ ሰው ማንንም ሳያስቸግር ፓስወርዱን ቀየረ። መዝገብ ክፍል ከዛሬ ጀምሮ በስልክ መቀየር ተከለከለ። ሦስት ሰው አመሰገነኝ፣ ሁለቱ ከልባቸው። ነገ እናያለን ለበላዮቹ የጻፈው ደብዳቤ ላይ «ቡድኔ» ይላል። ቡድኑ እኔ ነኝ፣ የተሰበረ ወንበር ላይ።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

ጠዋት ስልኬ ላይ ሦስት ኮድ ተከታትሎ ገባ። እኔ ምንም አልነካሁም። አጠገቤ የምትቀመጠው ሞካሪያችን ናት፤ ሥራዋ የሠራነውን መፈተሽ ነው፣ የኔን ቁጥር ለሙከራ ትጠቀምበታለች። «ቁጥሬን ከሙከራ አውጪው አላልኩሽም?» ብዬ ጮህኩባት።

«ዛሬ እኔ አልሞከርኩም።»

«ታዲያ ኮዱ ከሰማይ ወረደ?»

ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ሥራዋ ዞረች። ያ ራሱ አናደደኝ። ኮዶቹን አጠፋኋቸው።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ



ታች ተጠርቼ ወረድኩ። መዝገብ ክፍል መስኮት ፊት አንዲት ሴት ቆማለች። ዝናብ የለ፣ ጃንጥላ ይዛለች። በጫፉ መስታወቱን ቀስ እያለች ትመታዋለች።

«ውጤቴን ለማን ነው የሰጣችሁት?»

«ለማንም አልሰጠንም...»

«የባሌ እህት ታዲያ በምን አወቀች? በሕልሟ ነው?»

ሲስተሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደከፈተ ይመዘግባል። ከፈትኩት። ትናንት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በዚህች ሴት ካርድ ቁጥር «ረሳሁ» ተብሏል። ኮድ ተላከ፣ ኮድ ገባ፣ ፓስወርድ ተቀየረ፣ ውጤት ተከፈተ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ታካሚዋ ራሳቸው ከፈቱ» ይላል። ሁሉም ነገር ልክ። ልክ መሆኑ ነው አንጀቴን ያቃጠለው። ኮዱ የሄደበትን ቁጥር አነበብኩላት።

«የእሷ ነው» አለች። «የባሌ እህት ስልክ ነው። ካርዴ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው የሚቀመጠው፣ ቁጥሩን ማንም ያየዋል።»

ውጤቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እሷ ግን «ለባሌ የምነግረው እኔ ነበርኩ» አለች። «ቀን መርጬለት ነበር። ለእሑድ።» ጃንጥላዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ሄደች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ መዝጋቢዋ ላይ ዞርኩ። ሁልጊዜ «እርስዎ» የምላትን፣ በእናቴ ዕድሜ ያለችውን ሴት! «ቁጥር መጻፍ እንኳን ያቅትሻል? የራሷንና የሌላ ሰው ስልክ መለየት ያቅትሻል?» ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። ቀና ብላ አየችኝና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

መዝጋቢዋ ጠዋት ደረጃውን ወጥታ መጣች። ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ። ምንም ሳትናገር አንድ የድሮ ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

የባለ ጃንጥላዋ ካርድ ነው፣ የወረቀቱ ዘመን። በመዝጋቢዋ ጥርት ያለ ጽሑፍ፦ የራስ ስልክ፣ ባዶ ሰረዝ። ተጠሪ፣ የባል እህት፣ ቁጥሩ። የተሳሳተ ነገር የለም። በትክክለኛው ቦታ በትክክል ተጽፏል።

ታዲያ የተጠሪዋን ቁጥር የታካሚዋ ስልክ ቦታ ላይ ማን አስገባው?

ካርዶቹን ከወረቀት ወደ ሲስተም ስናስገባ ቁጥሮቹን ወደየቦታቸው የሚያዛውር ፕሮግራም ነበር። ፈልጌ ከፈትኩት። አንድ መስመር አለች። የራስ ስልክ ባዶ ከሆነ የተጠሪውን ውሰድ። አጠገቧ የጻፋት ሰው ስም አለ።

የኔ ስም።

ከመስመሯ በላይ ደግሞ ራሴ የተውኩት ማስታወሻ፦ «ለጊዜው ነው፣ በኋላ ይስተካከላል።» ሁለት ዓመት አለፈው። ትዝ አለኝ... ሲስተሙ ስልክ የሌለውን ሰው አልቀበልም ብሎ በየመቶ ካርዱ ሲቆም፣ እኔ ቶሎ ልጨርስ ስጣደፍ። በዚያን ጊዜ ምንም አላመጣም። ኮድ የሚልክ ነገር አልነበረማ! ቁጥሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሰኞ ዕለት ኮድ መላክ ጀመርኩ፣ በጭብጨባ።

ባለፈው ሳምንት ስለ አደራ ስጮህ የነበርኩት እኔ ነኝ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ቆጠርኩ። የራሳቸው ስልክ በሚለው ቦታ የሌላ ሰው ስልክ ያለባቸው ታካሚዎች፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት። በባል፣ በወንድም፣ በአከራይ፣ በቀጣሪ ስልክ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች የታካሚውን ካርድ ካዩ በሩ ክፍት ነው።

ነገ እናያለን ጋ ገባሁ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናግሬ ቁልፉን እንዝጋው አልኩ።

«ቅሬታ ያቀረበው ስንት ሰው ነው?»

«አንድ።»

«አንድ ሰው ነው እኮ! ሪፖርት ከላክን ገና ሳምንት አልሞላንም። ሰኞ እናየዋለን።»

እስከ ሰኞ ሁለት ቀን ተኩል አለ። በሁለት ደቂቃ ያለቀ ጉድ! ወጣሁና ዘጋሁት። ማንንም ሳላስፈቅድ። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ በሩን በርግዶ መጣ። «ማን አዘዘሽ?» «ማንም።» «በጽሑፍ ይደርስሻል!» «ይድረሰኝ።» ታች የመዝገብ ክፍል ስልክ እንደ ድሮው መጮህ ጀመረ።

ይሄ ግን አልነበረም የዛሬው ነገር። የዛሬው ነገር ሌላ ነው።

ዝርዝሩን ወደ ታች እያየሁ ሳለ የራሴን ስልክ ቁጥር አገኘሁት። የአንዲት ታካሚ ስልክ ሆኖ። ካርዱ የእማዬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለጉልበቷ ይዣት መጥቼ ነበር፤ ያኔ ስልክ አልነበራትም፣ ተጠሪ እኔ ነበርኩ። እና ማክሰኞ ጠዋት በእማዬ ካርድ ሦስት ጊዜ «ረሳሁ» ተብሏል። ሦስቱ ኮድ...

ሞካሪዋን ምን አልኳት? ከሰማይ ወረደ?

እማዬ ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለፎቶ፣ ስልኬ ለምን ጨለመብኝ ብላ ትደውልልኛለች። ማክሰኞ ግን አልደወለችም። ኮድ እየጠበቀች ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ ሳይመጣላት ቀርቶም አልደወለችም።

ከእኔ የምትደብቀው ነገር አለ።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

ፓስወርዷ እዚህ ደብተር መጨረሻ ላይ አለ። ራሴ ያወጣሁላት። ከአክስቴ በታች፣ ከአጎቴ በላይ።

ጠዋት ሙሉ ተናደድኩባት። እኔ ባዳ ነኝ? ለጎረቤት የምትኩራራብኝ ለምንድን ነው ታዲያ? ቢያማትስ? ብቻዋን ብትወድቅስ? ልጅ እኮ ነኝ! ይህንን ሁሉ ለራሴ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ከፈትኩት።

በቀኝ ጡት ላይ እብጠት። ናሙና ተወስዶ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ። ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከዚያ የውጤቱን ታሪክ አየሁ። ውጤቱ ከወጣ ሰባት ቀኑ ነው። ከዛሬ በፊት አንድም ጊዜ አልተከፈተም።

እማዬ ገና አላየችውም። እኔ ቀደምኳት።

መዝገቡ ላይ ምን እንደተጻፈ አውቃለሁ፣ ግን ገብቼ አየሁት። «ታካሚዋ ራሳቸው ከፈቱ።» ለባለ ጃንጥላዋ እንደጻፈው አድርጎ፣ ቃል በቃል። የባሏ እህትም እንዲህ ብላ ይሆናል፦ ዘመድ አይደለሁም እንዴ?

መጋቢት 15፣ እሑድ

መሰርሰሪያ ይዤ እማዬ ጋ ሄድኩ። አንዱን ጎን ሰቀልኩ። እሷ ከታች ወንበሩን ይዛ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በዛ!» ትላለች። ጤነኛ ትመስላለች። ያማል? እጇን አየሁ፣ ፊቷን አየሁ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?»

ወረድኩ። እንዴት እንደምጀምር መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ።

«እማዬ፣ የክሊኒክ ውጤትሽን አየሁት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ልቀጥል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«እንዳትነግሪኝ! ዝም በይ። እንዳትነግሪኝ።»

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እኔ ገና አላየሁትም» አለች። «ማክሰኞ ጠዋቱን ሁሉ ከዚያ ስልክ ጋር ስታገል ነበር። የመስኮቷ ሴትዮ 'ልጅዎን ልጥራልዎት?' ስትለኝ 'አደራሽን፣ እንዳትነግሪያት' አልኳት። ያቺ ባዳዋ አደራ በላች? አልበላችም።»

«ፈርቼ ነው...»

«አባትሽ ሲሞት ለእያንዳንዳችሁ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ለአንቺ አንድ ቀን፣ ለወንድምሽ አንድ ቀን። አስቤ፣ መርጬ፣ ራቴን ትቼ። አሁን የራሴን ነገር ከልጄ ፊት ላይ ላንብብ? ስትገቢ ጀምሮ ፊትሽ ላይ ነበር!»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ሂጂልኝ።»

«እማዬ...»

«ሂጂ አልኩሽ። ልቆጣበት፣ ልቆጣበት እንኳን መጀመሪያ እኔ ልወቀው!»

መጋረጃው አንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። መሰርሰሪያውን ረስቼ ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ፤ በበሩ ክፍተት አቀበለችኝ፣ ሳታየኝ።

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ከሥራ ሰዓት በፊት ገብቼ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለቱን ብቻ ቆለፍኳቸው። ለሌላው ቁልፉ ተከፈተ። የተቆለፈበት ሰው ቁጥሩን የሚያስቀይረው መስኮቱ ጋ ራሱ በአካል ቀርቦ ነው። ደውለን እንዳንነግራቸው... በምን ቁጥር? ያለን ቁጥር የእነሱ አይደለም። እንደመጡ እንነግራቸዋለን። ሌላ መንገድ የለም።

ከዚያ መዝጋቢዋ ጋ ወረድኩ። በጎን በሩ ገብቼ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«በሰው ፊት ነው የጮህሽብኝ» አለች። «ይቅርታውንም በሰው ፊት አድርጊው።»

በመስኮቱ በኩል ዞርኩ። ዘጠኝ ሰው ወረፋ ላይ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ምስጢር የምነግራቸው ይመስል ጆሯቸውን አቀረቡ። «ባለፈው እዚህ የጮህኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነበር። እሳቸው በትክክል ነው የጻፉት» አልኩ። ፊቴ እሳት ሆነ። መዝጋቢዋ «እሺ፣ ቀጣይ!» አለች።

ላይ ወጥቼ ሞካሪዋንም ይቅርታ ጠየቅኋት። «ከሰማይ አልወረደም አይደል?» ብላ ሳቀች። መሳቅ አማረኝ፣ አልመጣልኝም።

አራት ሰዓት ላይ እማዬ መጣች። ከደረጃው ሆኜ አየኋት። ቁጥሯን በራሷ አፍ ተናገረች፣ መዝጋቢዋ ጻፈች። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች። ስልኳ ጮኸ። በአንድ ጣቷ እየፈለገች፣ እያጠፋች፣ እንደገና... ሮጬ ወርጄ ልጫንላት እጄን በላኝ። የደረጃውን ብረት ያዝኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባት። ደግነቱ አሥራ አምስት አልነው!

አነበበች። ረጅም ሰዓት አነበበች። መነጽሯን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባች። ወደ ላይ ቀና አላለችም።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ደረሰኝ። «ያለ ፈቃድ አገልግሎት በማቋረጥ።» አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት የሚል ቁጥር የትም የለበትም። ስለዚያች መስመርም ምንም አይልም። የተቀጣሁት ባጠፋሁት ሳይሆን ባስተካከልኩት ነው! ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር ግን ቁጥሩንም መስመሯን የጻፍኩት እኔ መሆኔንም ጨምሬ ጻፍኩ። «ደብዳቤ ላይ አይጻፍም!» አለ ነገ እናያለን። ተጻፈ እኮ።

ባለ ጃንጥላዋ ቁጥሯን ልታስቀይር መጣች። እንዲጠሩኝ አስጠንቅቄ ስለነበር ወረድኩ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ እንዴት እንደሆነም ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«ባሌ ከእህቱ አፍ ሰማው» አለች። «ይቅርታሽን የት ላድርገው?»

አዲሱን ቁጥሯን ለመዝጋቢዋ ነግራ ወጣች። 

መጋቢት 22፣ እሑድ

እማዬ አትደውልም። ስደውል «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች።

ዛሬ መጨረሻ ገጹን ገልጬ በየተራ ደወልኩላቸው። ፓስወርዳችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ቀይሩት፣ ስልኩንም ወደ ራሳችሁ ቁጥር እንቀይር። አጎቴ «ተጣላን እንዴ?» አሉ። አክስቴ አለቀሰች። ወንድሜ «እና ስረሳው?» አለኝ። «ስትረሳው ኮዱ ለአንተ ይመጣል።» «እኔማ ስልኬን ራሱ አላገኘውም!» ጮህኩበት። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ደህና ጩኸት ናት።

ገጹን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

ስልኬ ጮኸ። እማዬ።

«ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ናሙናውን ይወስዳሉ። ቦርሳዬን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለች።

«እይዛለሁ።»

«ቦርሳ ነው ያልኩት። ወሬ አላልኩም።»

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ። ቦርሳው ከባድ ነው፣ ምን እንዳለው አላየሁም። መስኮቱ ጋ አዲስ ቅጽ ይሞላል። መዝጋቢዋ እንደማታውቀኝ ሆና ትጠይቃለች።

«የራስዎ ስልክ?»

እማዬ አንድ በአንድ ተናገረችው። ሸምድዳዋለች።

«ተጠሪ?»

ቦርሳውን ከግራ እጄ ወደ ቀኝ አዛወርኩት። ወንድሜን ብትል አልፈርድባትም። ዞር ብላ አየችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ልብስ እንደሚገዛ ሰው።

«የልጄን ጻፊልኝ» አለች። «የእሷን ግን ተጠሪ በሚለው ላይ። እዚያው።»

«እዚያው ነው የምጽፈው» አለች መዝጋቢዋ፣ እኔን እያየች።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

ውጤቱ ዛሬ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ሲስተሙ ውስጥ ሦስት ሰዓት ላይ እንደገባም አውቃለሁ፣ ከላቦራቶሪው የመጣው የዛሬ ዝርዝር በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ከፍቼ ማየት እችላለሁ። የመግቢያ ፈቃዴ ሁሉንም ይከፍታል፤ ይህንንም ለነገ እናያለን በደብዳቤ ጽፌለታለሁ፣ የኔም ቢሆን ይዘጋ ብዬ። ነገ ያየዋል።

አልከፈትኩም። ሦስት ተኩል... አራት... ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሏል። የእሷ ስልክ ጮኾ ይሆናል። መነጽሯን እየፈለገች ይሆናል። ሞካሪዋ «ምን ሆነሻል?» አለች። ምንም አልኳት። የተሰበረው ወንበር ላይ ዝም ብዬ መቀመጥ አቅቶኝ ቆምኩ። አምስት ሰዓት። ተናደድኩባት ደግሞ! ይህን ያህል ምን ያዘገያል? ስንት መስመር ነው?

አምስት ከሃያ ላይ ደወለች።

«ሥራ ላይ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

ወደ ደረጃው ወጣሁ። «አሁን ብቻዬን ነኝ።»

«ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። አስባበት፣ መርጣ፣ በራሷ ቃል። አላቋረጥኳትም። ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ጨረሰች። አፍንጫዬን ጠራረግሁ።

«እና ይሄ መጋረጃ» አለች፣ በዚያች በድሮዋ የቁጣ ድምፅ፣ «አንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ እስከ መቼ ነው የማየው? ከለመንኩሽ ሁለት ወር አለፈው እኮ! ሌላ የምለምነው ሰው አለኝ እንዴ?»